ምዕራፍ ሰባት፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤት ለሚሠሩ የውጭ ነዋሪዎች

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥተው በለንደን፣ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ትንሽ ገንዘብ ሲቋጥሩ አገር ቤት ጣራ ለማቆም ያስባሉ። ለእናት ክረምቱን የምታሳልፍበት ቤት፣ ለራስ ለጡረታ የሚሆን ማረፊያ፣ ለልጆችም የአያታቸውን አገር የሚያውቁበት ደጃፍ ይፈለጋል። ምኞቱ የተቀደሰ ነው። በሩቅ ሆኖ የሚሠራ ቤት ግን ከሲሚንቶና ከብረት በፊት ወረቀት ይፈልጋል። በዘመድ መካከል ውል መጻፍ ዘመድን እንደ ማማት ይቆጠራል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ወንድማማቾች ፍርድ ቤት የሚቆሙት በክፋት ሳይሆን በመጀመሪያ የተባባሉትን ስላልጻፉ ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚሁ ነው።

ከፓስፖርትዎ ይጀምሩ

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። በውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ካለዎት መብትዎ የማንኛውም ዜጋ ነው። የብሪታንያ ወይም የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን፣ አስቀድመው ያውጡ።

ይህን መታወቂያ ራሳቸው ኢትዮጵያዊ የነበሩ፣ ወይም ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸው ወይም ከቅድመ አያቶቻቸው ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰዎች መጠየቅ ይችላሉ። የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በውጭ ዜጎች ላይ የጣለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ክልከላም አይነካውም። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን አይችልም።

ማሳና የከተማ ቦታ አንድ አይደሉም

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይደነግጋል። ስለዚህ «መሬት ገዛሁ» የሚል ሰው ምን እንደገዛ ደጋግሞ ይጠይቅ።

የአባትዎ ማሳ በአረንጓዴው የይዞታ ደብተር የተመዘገበ የገጠር መሬት ነው። ገበሬው ያርሰዋል፣ ያከራየዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፤ አይሸጠውም። አንዳንዶች ሽያጩን «ኪራይ» ወይም «ብድር» ብለው በሽማግሌ ፊት ያጽፋሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ክርክር በተነሳ ቀን ገንዘብዎን አያስመልስም። በገጠር ቤት መሥራት ከፈለጉ ቤቱ በይዞታው ላይ ለሚኖረው ቤተሰብ የሚሰጥ ስጦታ እንደሆነ አምነው ይሥሩ።

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስና በደብረ ታቦር ያለ የከተማ ቦታ ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የመኖሪያ ቤት ሊዝ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ሁለት ነጥቦችን ልብ ይበሉ። በነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት በተያዘ ቦታ፣ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል፤ ገዢው ይህን ወጪ አስቀድሞ ያስላ። በሊዝ የተገኘ ቦታ ደግሞ በውሉ በተቀመጠው ጊዜ ግንባታው ካልተጀመረና ካልተጠናቀቀ ሊነጠቅ ይችላል። «ቦታውን ይዤ ከአሥር ዓመት በኋላ እሠራለሁ» የሚለው ስሌት አይሠራም።

ከመክፈልዎ በፊት

ደላላው የሚያሳይዎትን የካርታ ኮፒ አይመኑ። ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ካለው ፋይል ጋር ያስመሳክሩ፤ በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ መኖሩን፣ ግብሩ መከፈሉን ያስጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ አንዲት ያልፈረመች እህት ከዓመታት በኋላ ውሉን ልታናጋው ትችላለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሽማግሌዎች ለምስክርነትና ለምርቃት ይቀመጡ፤ ውሉ ግን በሕግ ፊት ይፈረም።

ውክልና

አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው በልቅ ውክልና ነው። በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል፤ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብና ማደስ የዚህ ዓይነት ናቸው። ቤት መሸጥ ወይም በዋስትና ማስያዝ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉ ቃላት በልማድ ብቻ አይግቡ። ወንድምዎ ግንባታ እንዲከታተል ከፈለጉ «ግንባታ ይከታተል፣ ፈቃድ ያውጣ፣ ውሃና መብራት ያስገባ» ብለው ይወስኑት። ሰነዱ በሚኖሩበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል፣ ከዚያም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያልፋል። ሥራው ሲያልቅ ውክልናውን በጽሑፍ ይሻሩ።

ገንዘብና ግንባታ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ሆኗል። ገንዘብዎን በባንክ ይላኩ፤ ደረሰኙ ቤቱ በእርስዎ ገንዘብ ለመሠራቱ ማስረጃ ነው። ለግንበኛውና ለአናጺው በየደረጃው ይክፈሉ፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣራው ሲገጠም። ቀጣዩ ክፍያ ከፎቶግራፍና ከደረሰኝ በኋላ ይሁን።

አገሩንም ያስቡ። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ግድግዳው አይቆምም። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችበት ነፋስ በደንብ ያልታሰረ ቆርቆሮ ይገነጥላል። ሥራው ዝናብ ካቆመ በኋላ ተጀምሮ ከሰኔ በፊት ጣራው ይዘጋ።

ጉዞው

ወደ ጋይንት የሚያደርሰው ዋና መንገድ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸናና ወልድያ ይደርሳል። ወደ እስቴ ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ይገባል። አርብ ገበያና ወገዳ ከዋናው መንገድ ይገነጠላሉ፤ ክረምት ላይ ጊዜ ጨምረው ይነሱ።

ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባት ከተማ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ስልክና ኢንተርኔት ያቋርጣል። ከመነሳትዎ በፊት በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተጓዘ ሰው ይጠይቁ። የብሪታንያ ነዋሪ ከሆኑ የመንግሥቱን የጉዞ ምክር ያንብቡ፤ ምክሩን ተላልፎ የተጓዘ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ላያገለግለው ይችላል።

በዚሁ አካባቢ ያለው የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዙሪያው ያሉ ከተሞችም ደጋ ናቸው። የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሐኪም ያማክሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይረፉ። ወደ በሸሎና ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ግን አጎበርና የወባ መከላከያ ይያዝ።

ከእርስዎ በኋላ

ልጆችዎ ለንደን ወይም ዋሽንግተን አድገው ከሆነ ከቀበሌው ሠራተኛም፣ ከአክስታቸው ልጅም ጋር የሚነጋገሩበት መነሻ ያስፈልጋቸዋል። ኑዛዜ ይጻፉ። በእጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስዎ እጅ የተጻፈ፣ ቀንና ፊርማ ያለው ይሁን፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። ካርታውን፣ ውሉን፣ የግብር ደረሰኙንና ኑዛዜውን በአንድ ማኅደር አድርገው አንዱን ቅጂ አገር ቤት፣ ሌላውን ከእርስዎ ዘንድ ያኑሩ። የት እንዳለም ለልጆችዎና ቤቱን ለሚጠብቀው ዘመድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ይንገሩ። ሁለቱ ወገኖች ተመሳሳይ ወረቀት ሲይዙ እርስዎ በሌሉበት የሚጣሉበት ምክንያት ይቀንሳል።