ፊዚዮቴራፒ መማር አስባችኋል? ትምህርት ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጨንቻ ወይም ዶርዜ ሄዳችሁ ከሆነ ሸማኔ ሲሠራ አይታችኋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ፣ መወርወሪያውን ቀኑን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል። ይሄ ሰው ትከሻውን ሲያመው ምን ትሉታላችሁ? "ሥራህን ተው" ማለት ቀላል ነው፤ እንጀራው ግን እሱ ነው። የተጎዳውን ጡንቻ ወይም ጅማት ለይቶ፣ ጫናውን መጀመሪያ ቀንሶ ቀስ በቀስ መልሶ የሚያጠነክርለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ፊዚዮቴራፒስት ማለት ይሄ ነው።

ብዙ ሰው ሙያውን ከማሳጅ ወይም ከወጌሻ ጋር ያምታታዋል። ወጌሻ ልምድም ክብርም አለው። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከታሰረ ደም መዘዋወሩ ይቆምና እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱ ከቆዳ ሥር ያለውን ማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ አናቶሚ የሚማሩት በሥዕል ብቻ ነው ወይስ በአጥንትና በአስከሬን ጭምር?

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ትልቁ ጥያቄ፦ ተማሪዎቹ የሚለማመዱት የት ነው? በማን ላይ?

ስትሮክ የመታውን ሰው አስቡ። የሞቱት የአንጎል ሴሎች አይመለሱም። ሆኖም አንድን እንቅስቃሴ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋግመው፣ በሕይወት ያሉት ሴሎች ግንኙነታቸውን እያደሱ ከጠፋው ሥራ የተወሰነውን ይረከባሉ። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ታካሚው ተስፋ ቆርጦ "በቃኝ" ሲል ምን እንደሚደረግ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ማየት ይጠይቃል። የሕፃናት፣ የአጥንትና የነርቭ ታካሚዎች ሁሉ የሚመጡበት ሆስፒታል ያለው ትምህርት ቤት በሚያምር ሕንፃ ብቻ ከሚኩራራው ይሻላል።

አርባ ምንጭ ላላችሁ አንድ ዕድል አለ። ከተማችሁ ውስጥ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይገኛል። እንዲህ ባሉ ማዕከላት ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል፣ ክራንችና ዊልቸር ይሰጣል፣ ሰውም እንደገና መራመድ ይማራል። አስፈቅዳችሁ ግማሽ ቀን ተመልከቱ። ላቡና ትዕግሥቱ ካስደሰታችሁ ሙያው የእናንተ ሊሆን ይችላል። ከሰለቻችሁም ከአራት ዓመት በኋላ ከማወቅ ዛሬ ማወቁ ይሻላል!

በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ አለ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱና በዘር ተጋላጭ የሆኑ ሰዎች ላይ የሚከሰት የእግር እብጠት ነው። አይተላለፍም። ሕክምናው እግርን በሳሙና ማጠብ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ጫማ ማድረግን ያካትታል። ከዚህ ውስጥ እብጠት መቀነስና እንቅስቃሴ የፊዚዮቴራፒ ዕውቀት ነው። ልትመለሱ የምታስቡት ወደ ቀያችሁ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የገጠር ልምምድ እንዳለው ጠይቁ።

አሁን ወደ ርቀቱ። በአገራችን ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ በማስተማር ቀዳሚው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የጤና ኮሌጁ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ አዲስ አበባ ስትደርሱ ገና 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራችኋል። ናፍቆቱና የትራንስፖርቱ ወጪ ቀላል ስላልሆነ ከቤተሰብ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት። ደግሞ አትርሱ፦ ትምህርቱ ያለበት ዩኒቨርሲቲ መመደብ ብቻውን አይበቃም፣ ከዚያ በኋላም የትምህርት ክፍል ምርጫና ውድድር አለ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ጠይቁ። ፈቃዱ ለኮሌጁ በጥቅሉ ሳይሆን ለፊዚዮቴራፒ ፕሮግራሙ፣ ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆኑን አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ባለፉት ዓመታት ስንቱ እንዳለፈ ሲጠየቅ የሚሸሽ ትምህርት ቤት ያጠራጥረኛል።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ካገኛችሁ ደግሞ "ትምህርቱ ጥሩ ነው?" አትበሉት። "ባለፈው ሳምንት ስንት ታካሚ በእጅህ ነካህ? መምህሩስ አጠገብህ ነበር?" በሉት።