ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅያሬ በኋላ፦ የአዛውንቶች ማገገም በዲማና በአካባቢው

የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚዞርበት ቦታ ነው። መቀመጥና መነሳት፣ መራመድና መስገድ፣ በቅሎ ላይ መውጣትም በእርሱ ይከናወናል። ሁለቱን አጥንቶች የሚያለሰልሰው ሽፋን ሲያልቅ፣ የጭኑ ራስ ደም አጥቶ ሲሞት ወይም የጭኑ አንገት ሲሰበር ሐኪሙ የተጎዳውን ራስ ቆርጦ ያወጣና በብረት ዘንግ ላይ የተሰካ ሰው ሠራሽ ራስ ይተክላል። ጎድጓዳውም አብሮ ከተተካ ሙሉ ቅያሬ፣ ራሱ ብቻ ከተተካ ከፊል ቅያሬ ይባላል። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ማገገሙ ግን ወራት ይፈጃል። ከዚህ ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ባለው በዲማ የቤት አሠራር፣ መንገድና ልማድ ከሐኪሙ ሥራ ባልተናነሰ ውጤቱን ይወስናሉ።

የሕክምናው ታሪክ ረጅም ነው። ቴሚስቶክሊስ ግሉክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 ገደማ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የጭን ራስ ሞክሯል። ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ መሠረቱ የተጣለው ግን እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ትንሽ የብረት ራስ ከፕላስቲክ ጎድጓዳ ጋር አጣምሮ በአጥንት ሲሚንቶ ሲያስር ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከመቶ ሙሉ ቅያሬዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ለ70 ዓመት አዛውንት ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቅያሬ ለቀሪው ዕድሜ ይበቃል ማለት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ቅያሬውን የሚያደርጉት በብዛት መገጣጠሚያቸው በዕድሜ ያለቀባቸው ሰዎች ናቸው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ግን የጭኑ ራስ ደም አጥቶ መሞቱ ትልቅ ድርሻ አለው፤ የማላዊ ብሔራዊ መዝገብ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በደጋው አዛውንት ላይ ሌላው ምክንያት መውደቅ ነው። አጥንቱ የሳሳ ሰው በደጃፉ ጭቃ ተንሸራቶ በጎኑ ቢወድቅ የጭኑ አንገት ሊሰበር ይችላል። እግሩ ያጥራል፤ ወደ ውጭም ይዞራል፤ ሰውየው መቆም ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ስብራት ከ36 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። በዓለም ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች የዳሌ ስብራት ከደረሰባቸው አረጋውያን ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል። ከሚገድሏቸው ነገሮች ዋናዎቹ አልጋ ላይ ተኝቶ መቅረት የሚያመጣቸው የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ናቸው። «ትንሽ ይሻለው እንደሆን እንየው» እየተባለ የሚያልፈው ሳምንት ከሁሉ የከበደ ዋጋ አለው።

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ፣ በቅኔ ትምህርቱና በሊቃውንቱ የታወቀ ጥንታዊ ደብር ነው። ከዚያ ለሚነሳ ሕመምተኛ የመጀመሪያው መዳረሻ የቢቸና ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ በኩል ደግሞ ባሕር ዳር ከነፈለገ ሕይወትና ከነጥበበ ግዮን ሆስፒታሎቹ አለ። መገጣጠሚያ መቀየር ልዩ ሙያና ዕቃ የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙዎች የሚላኩት ወደ አዲስ አበባ ነው። አቅም ያላቸው ወይም ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ደግሞ ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄዳሉ። ለእነዚህ ከተሠሩ በኋላ ረጅም በረራ የደም መርጋትን ስለሚያሰጋ፣ የመመለሻውን ቀን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ያስፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ከአልጋ ይነሳል። ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ትናንት የተቀደደ ሰው ዛሬ ይቁም መባሉ ጭካኔ ይመስላል። ይሁንና አዲሱ መገጣጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ክብደት ይሸከማል፤ ቶሎ መነሳትም ደም እንዳይረጋ፣ ሳንባ እንዳይታፈን፣ ጡንቻ እንዳይከሳ ይረዳል። አንዳንድ አዛውንት በእነዚህ ቀናት ግራ ይጋባሉ፤ ልጃቸውን አይለዩም፤ ሌሊት ይቃዣሉ። ይህን የመንፈስ ሥራ ነው ብሎ መደናገጥ አይገባም። ማደንዘዣው፣ ሕመሙ፣ የውኃ ማነስ ወይም የጀመረ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ነው፤ ለሐኪም ሲነገር ምክንያቱ ተፈልጎ ይታከማል፤ በብዙዎች ላይም በቀናት ውስጥ ያልፋል። የሚያውቁት ሰው ከአጠገባቸው መኖሩና መነጽራቸውን ማግኘታቸው ብዙ ያግዛል።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ የሚመለሰው መኪና ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጠመዝማዛውን ወጥቶ ደጀን ይደርስና ወደ ቢቸና ይታጠፋል። ሕመምተኛው ጋቢና ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተስቦ ለጥ ይበል፤ መቀመጫው ዝቅ ካለ ትራስ ይጨመርበት። ሲገባ መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ያዞራል። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ጥቂት መራመድ፣ በመካከሉም ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ከኋላ በኩል ይሠራል፤ በዚህ መንገድ የተሠራ ሰው ለስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሦስት ወር ሦስት ነገሮችን እንዲጠነቀቅ ይታዘዛል፦ ጭኑን ከ90 ዲግሪ በላይ ወደ ሆዱ አያጥፍ፣ እግሩን አያጣምር፣ የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አያዙር። ዱካ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ይላል። በዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይላል፤ ቡና ለመቀበል ጎንበስ ሲል ደግሞ የጭኑ ራስ ከጎድጓዳው ሊወጣ ይችላል። ዝቅተኛ መደብም ያው ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ማለት አለበት። የእጅ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ተፈልጎ፣ ቁመቱ ካነሰ እግሮቹ ላይ ጠንካራ እንጨት ይቀጠልበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ መጸዳጃ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በአካባቢው የተለመደው የጉድጓድ መጸዳጃ ቁጢጥ ማለትን ይጠይቃል፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ሐኪሙ ከከለከለው ሁሉ የከፋው ነው። የሰፈር አናጢ በግማሽ ቀን የሚሠራው መፍትሔ አለ። የአንድ ወንበር መቀመጫ መካከሉ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጠርዙ በደንብ ይላጋል፤ ወንበሩ ቀን ጉድጓዱ ላይ፣ ሌሊት በአልጋው አጠገብ ከሥሩ ፖፖ ተደርጎ ይቀመጣል። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይመታባቸዋል። የተከበሩ አባት ወይም እናት በፖፖ መጠቀምን ያፍሩበታል፤ ቤተሰቡ ነገሩን በዝምታና በአክብሮት ቢይዘው ኀፍረቱ ቶሎ ይለቃል። በጨለማ፣ በዝናብ፣ በሚያዳልጥ ጭቃ ወደ ጓሮ መውጣት ግን ሁለተኛ ስብራት መጥራት ነው።

መኝታው ከፍ ያለ፣ ፍራሹም የማይሰምጥ ይሁን። በጀርባ መተኛት ይመረጣል፤ በጎን ሲዞሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ወፍራም ትራስ ይገባል። ጫማና ካልሲ ለማድረግ ጎንበስ ማለት ስለማይፈቀድ ሌላ ሰው ያግዛል። እግር ማጠብ በአገሩ ልማድ የአክብሮት ምልክት ነውና፣ ለታማሚው ይህ እርዳታ እንግዳ አይሆንበትም።

መራመድ በዎከር ወይም በክራንች ይጀመራል፤ ከዚያ ወደ አንድ ከዘራ ይታለፋል። የዲማ ሊቃውንት ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉበት መቋሚያ በብዙ ቤት ስላለ፣ በእርሱ እንራመድ የሚል ሐሳብ ይመጣል። መቋሚያ ግን ለመቆም እንጂ ለመራመድ የተሠራ አይደለም፤ ረጅም ነው፤ ጫፉም በለሰለሰ ወለል ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ከዘራው ልኩ ቀጥ ብለው ሲቆሙ እጀታው ከእጅ አንጓ ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ጫፉ ላይ ላስቲክ ያስፈልገዋል። የሚያዘውም በደኅናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ይህ ለብዙዎች የተገላቢጦሽ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም ከተሠራው ዳሌ ላይ ሸክሙን የሚያነሳው ከተቃራኒው ጎን የሚመጣ ድጋፍ ነው። ክራንች የሚጠቀም ሰው ክብደቱን በእጁ እንጂ በብብቱ አይጣል፤ የብብት ነርቭ ይጎዳል። ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ የተሠራው ይቀድማል።

በክረምት የአካባቢው ጥቁር መሬት ጭቃ ይሆናል፤ ጫማ ይውጣል። ስለዚህ ድንገተኛ ስብራት ካልሆነና ቀኑን መምረጥ ከተቻለ፣ ቀዶ ሕክምናውን ከመስከረም በኋላ ማድረግ የመጀመሪያዎቹን ወራት በደረቅ መሬት ለመራመድ ያስችላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየወረዳው አይገኝም። ቢሆንም ሆስፒታል ሳሉ የተማሩትን ልምምድ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከርን፣ ቆሞ እግርን ወደ ጎን ማንሳትን፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማድረግ ይቻላል። ከመውጣት በፊት የቤተሰብ አንድ ሰው አጠገብ ቆሞ ልምምዱን ቢማር ትልቅ ነገር ነው።

ወጌሻ በአገሩ ታላቅ ክብር ያለው ባለሙያ ነው። በተቀየረ መገጣጠሚያ ላይ ግን ማሸትና መሳብ ፈጽሞ አይገባም፤ ብረቱ ከቦታው ሊወጣ፣ በዙሪያው ያለው አጥንትም ሊሰበር ይችላል። ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር ቁስሉ ላይ አይቀባም። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቁስሉ በደንብ እስኪደርቅ ጠበል መጠመቅ ይቆይ፤ መጠጣት አይከለከልም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ክኒን ወይም መርፌ፣ እስከ አምስት ሳምንት ሊታዘዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝቶ መጨመር ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። አረቄም ከደም ማቅጠኛ ጋር አይስማማም፤ መውደቅንም ያመጣል።

ምግብ ቁስል ለመጠገንና ጡንቻ ለመመለስ ያስፈልጋል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ባቄላ፣ አተር፣ ሽሮና ምስር በደንብ ሊቀርቡ ይገባል። ሕመምተኛ ከጾም በንስሐ አባቱ ፈቃድ ነጻ ይሆናል። ብዙ አዛውንት ግን ራሳቸው እንቢ ይላሉ፤ ስለዚህ የንስሐ አባቱን ቀድሞ ማነጋገር ይበጃል። ስግደትም እንዲሁ ነው። በሰሙነ ሕማማት ግንባርን መሬት ማስነካት ለአዲሱ ዳሌ አደገኛ ነው፤ ቆሞ በአንገት ጎንበስ ማለት ይበቃል።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። የባት ማበጥና ሕመም የደም መርጋትን ያመለክታል፤ ድንገት የሚመጣ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ውጋት ደግሞ የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ሊናገር ይችላል። ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላት፣ ፈሳሽ ማውጣት የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ድንገት ከባድ ሕመም ተሰምቶ እግሩ አጥሮ ወደ ውስጥ ከዞረ የጭኑ ራስ ከጎድጓዳው ወጥቷል፤ ሰው እንዳይጎትተው፣ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ኢንፌክሽን ከዓመታት በኋላም ከሌላ ቁስል በደም ሊመጣ ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በሰፊው ስለሚታይ፣ እግሩ ያበጠና የቆሰለ ሰው ከቅያሬው በፊት ቁስሉን ማዳን፣ ከቅያሬውም በኋላ በየቀኑ እግሩን ታጥቦ ጫማ ማድረግ ይኖርበታል።

አብዛኛው ሰው በስድስተኛው ሳምንት በከዘራ ይራመዳል፤ በሦስተኛው ወር ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና ለቅሶ ይደርሳል። ጥንካሬው እስከ ዓመት መሻሻሉን ይቀጥላል። እርሻ መውረድ፣ ውኃ በጀሪካን መሸከምና በቅሎ መውጣት ከሐኪሙ ጋር ሳይመከርባቸው አይጀመሩም። ለብዙዎች ደግሞ ያለ ምርኩዝ ከመሄድ ይልቅ ሕመሙ ጠፍቶ ሌሊት መተኛት የበለጠ ደስታ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት የተተከለውን መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን ይይዛል። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ዳሌው ቢላላ ወይም አጠገቡ ያለው አጥንት ቢሰበር፣ የሚያክመው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ወረቀት ነው። ስለዚህ ከዳዊቱ ጋር በማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ፤ የት እንዳለም ከቤተሰቡ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።