ሊድ ከቀለም ሲወጣ፦ የኬሚካል ደንብና የአምራቾች ምላሽ

በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴል፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በሩ ተበይዶ በግራይንደር ከተሞረደ በኋላ በመጀመሪያ አንቲረስት ይቀባል፤ እሱ ሲደርቅ ሲንተቲክ ቀለም ይደረብበታል። ገዢው ስለ ዋጋው፣ ስለ መልኩና መቼ እንደሚደርስለት ይጠይቃል። ቀለሙ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ጠያቂ የለውም።

ሊድ ወይም እርሳስ ወደ ቀለም የሚገባው በሦስት በር ነው። ሊድ ክሮሜት ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ይሰጣል፤ ከሰማያዊ ጋር ሲደባለቅም አረንጓዴ ይሆናል። ሌላው የሊድ ውሕድ ሲንተቲኩን ቶሎ ያደርቃል። ቀዩ የሊድ ኦክሳይድ ደግሞ ዝገትን ይከላከላል። ስለዚህ አደጋው ይበልጥ የሚከፋው ልጆች በሚወዱት ደማቅ ቀለም ላይ፣ ለምሳሌ በመዋዕለ ሕፃናት አጥርና የብረት መጫወቻ ላይ ነው። ልጆች ወደ ሆዳቸው የገባውን ሊድ ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይመጥጣሉ፤ ጉዳቱም በአእምሮ እድገታቸው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገውና ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮችን በሸፈነው ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት ቀለሞች አብዛኞቹ ከ90 ፒፒኤም በእጅጉ የበለጠ ሊድ ነበረባቸው። ፓን-ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ማኅበርም ጉዳዩን ለዓመታት ሲጎተጉት ቆይቷል። በመጨረሻም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የሊድ ጣሪያ 90 ፒፒኤም ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም ያልበለጠ ማለት ነው።

ይህን መፈጸም ለአምራቹ ምን ይጠይቃል? የማድረቂያው ጉዳይ ቀላል ነው፤ የዚርኮኒየምና የካልሲየም ውሕዶች ይተኩታል። ለአንቲረስቱም ዚንክ ፎስፌት አለ። ፈተናው ያለው ደማቆቹ ቀለሞች ላይ ነው። ምትክ የሆኑት ኦርጋኒክ የቀለም ዱቄቶች ዋጋቸው ውድ ነው፤ ብዙዎቹ የሊድ ክሮሜትን ያህል ከሥር ያለውን መሸፈን ስለማይችሉም ቀመሩ እንደገና መሠራት አለበት። ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጣ አነስተኛ አምራች፣ የራሱ ላቦራቶሪ ከሌለው፣ አቅራቢው የሰጠውን ወረቀት ከማመን በቀር ምርጫ የለውም። በእኔ እምነት የደንቡ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፦ የተጠናቀቀውን ቀለም ይቆጣጠራል፣ ችግሩ ግን ዱቄቱ በጉምሩክ ሲያልፍ ገና ይጀምራል።

ትልልቆቹ የዓለም ኩባንያዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል። አክዞ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ2011 ሊድን ከምርቶቹ ማውጣቱን አጠናቀቀ፤ የጀርመኑ ቢኤኤስኤፍም በ2014 ተከተለው። አንድ የሊድ ክሮሜት አምራች ግን ምትክ የለም ብሎ ተከራከረና በ2016 ከአውሮፓ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ አገኘ። ስዊድን ከሰሰች፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019 ፈቃዱን ሻረው። ሁለቱ ኩባንያዎች ቀድመው ጨርሰው ሳለ «ምትክ የለም» ማለት ጊዜ መግዣ ይመስለኛል።

ሙግቱ አሁን ወደ ናኖ ቁሶች፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ወዳላቸው ቁሶች፣ ዞሯል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓመት ከ100 ግራም ጀምሮ የናኖ ቁስ የሚያመርት፣ የሚያስመጣ ወይም የሚያከፋፍል ሁሉ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ ለናኖ ቁሶች ተጨማሪ መረጃ ይጠይቃል። የብናኝ ጉዳይም አከራክሯል፦ ነጭ ቀለም ውስጥ ዋናው ዱቄት የሆነው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በብናኝ መልክ ሲተነፈስ ካንሰር ያመጣል ተብሎ እንደሚጠረጠር ኅብረቱ በ2020 መደበው፤ አምራቾች ፍርድ ቤት ሄደው በ2022 ምደባውን አሻሩት። ለምግብ ማቅለሚያነት ግን በዚያው ዓመት ታግዷል።

ይህ ዱቄት እኛም ግድግዳ ላይ አለ። ለቀለም የሚውለው አብዛኛው ናኖ አይደለም፤ ደርቆ ሽፋኑ ውስጥ ከተያዘም የሚያሳስበው ያን ያህል አይደለም። የሚያሳስበው ከረጢት ቀድዶ ወደ መቀላቀያው የሚገለብጠው ሠራተኛ ነው። ፀረ-ባክቴሪያ ወይም ራሱን የሚያጸዳ እየተባለ የሚሸጥ ቀለምም የናኖ ብር ወይም የናኖ ታይታኒየም ሊኖረው ይችላል፤ ጣሳው ላይ ግን ይህ ካልተጻፈ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። በፒፒኤም መለካት ብቻውንም አይበቃም፣ የናኖ ነገር ከብዛቱ ይልቅ በቅንጣቱ መጠን ይወሰናልና።

ሙግቱ እስኪቋጭ ግን በኮልፌ አሮጌ በር በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ እየተፋቀ ነው፤ ከደንቡ በፊት የተቀባ ከሆነ ብናኙ ሊድ ሊኖረው ይችላል። ውኃ እያስነኩ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን በደንብ መሸፈን፣ ልጆችን ከአካባቢው ማራቅና ቅርፍቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ማንሳት ብዙ ወጪ የለውም። ከፋብሪካው የሚጠበቀው ደግሞ ጣሳው ላይ የሊዱን መጠንና የጥንቃቄ መመሪያውን፣ ቀለም ቀቢው በሚያነበው አማርኛና አፋን ኦሮሞ፣ ማተም ነው።