ብሎኑ ጠብቆ እንጨቱ ሲላላ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ብሎኖች ነው። እነዚህ ብሎኖች የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1898 የተቀበለውን የማውዘር 98 ጠመንጃ የብረት አካል ከእንጨት ሰደፉ ጋር ያያይዛሉ።

የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ አባቴ ከአያቴ የወረሰው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ነበረው። በበጋ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ይነቃነቅ ነበር። ለዕረፍት በሄድሁ ቁጥር ካቻቢቴ ይዤ ባለኝ ኃይል አጠብቀው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ብሎኑ አልዞርም አለ፤ ብረቱ ግን መነቃነቁን አልተወም። በዚያው ሰሞን አባቴ ማሳ የሚያጠፋ ከርከሮ ላይ ሲተኩስ፣ እንጨቱ ከብረቱ ጅራት ጀርባ ተሰነጠቀ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ጠመንጃውን ግን ዳግመኛ በእጄ አላስነካኝም።

ስህተቴ ምን ነበር? እንጨት ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣልም። በቃጫው ርዝመት እምብዛም አይለወጥም፤ በቃጫው አግድም ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። ብሎኖቹ የሚጨምቁት በዚሁ አግድም አቅጣጫ ነው። በበጋ ከልክ በላይ ያጠበቅሁት እንጨት በክረምት ሊያብጥ ሲል ቦታ አጣ፤ ቃጫው ተደፈጠጠ። በጋ ሲመለስ ከቀድሞው ይልቅ ቀጥኖ ተገኘ። መድኃኒት ብዬ የጨመርሁት ኃይል በሽታውን አባባሰው።

በማውዘሩ የኋላ ብሎን ዙሪያ ደግሞ እንጨቱ እንዳይደፈጠጥ የሚጠብቅ የብረት ቱቦ አለ። እንጨቱ ከቱቦው ካጠረ፣ ብሎኑ የሚጨምቀው ቱቦውን እንጂ እንጨቱን አይደለም። ስለዚህ የብሎን አልዞርም ማለት የእንጨት መያዝ ማስረጃ አይሆንም። የላላው ብረት በተኩስ ጊዜ ወደ ኋላ ሲራገጥ ጅራቱ እንደ ሽብልቅ ሰደፉን ይፈልጠዋል።

ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። በመጀመሪያ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ዋናዎቹን ብሎኖች የሚቆልፉ ትንንሽ ብሎኖች ካሉ አስቀድመው ይፈቱ። የካቻቢቴው ምላስ የብሎኑን ስንጥቅ ልክ ይሙላ። ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ በሰደፉ ይቁም፤ በዚህ ጊዜ ርግጫ የሚቀበለው የብረት ጉብታ በራሱ ክብደት እንጨቱ ላይ ያርፋል። ከዚያ የፊቱ፣ ቀጥሎ የኋላው ብሎን እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ። የአምራቹ መመሪያ ካለ እርሱ ይቀድማል፤ ከሌለ ለእንጨት ሰደፍ የተለመደው ልክ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም 10 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ኃይል ነው።

ወቅት ሲለወጥ ልኩ እንደገና ይፈተሽ። በልኩ ጠብቆም የሚነቃነቅ ከሆነ ችግሩ ያለው በብሎኑ ሳይሆን ብረቱ በሚያርፍበት የእንጨት መደብ ላይ ነውና፣ ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል።

ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲላላባችሁ ከማጥበቃችሁ በፊት ለምን እንደሚላላ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሦስት ዓመት አጠበቅሁ፤ ያ ስንጥቅ ግን ዛሬም በሰደፉ ላይ አለ።