የሎሚ ቮድካ ለድግስ፦ በመለኪያ ይሁን

ድሮ በምርቃትና በልደት ድግስ ጠላና ጠጅ፣ ለሚወደው ደግሞ አረቄ ይቀርብ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን አንድ ነገር ጨምረዋል። ቮድካን በሎሚ፣ በስኳርና በአምቦ ውሃ በጥብጠው በትልቅ ጆግ "ኮክቴል" ብለው ያቀርባሉ። ከፋብሪካው የሎሚ ጣዕም ተጨምሮበት የሚሸጥ ቮድካም አለ። ነገሩን አልነቅፍም፤ እኔም በበዓል ቀን አንድ ብርጭቆ አልጠላም። ነገር ግን በነርስነት ስሠራ የድግስ ማግስት ወደ ድንገተኛ ክፍል ማን ማን እንደሚመጣ አይቻለሁና፣ ይህን መጠጥ በቤታቸው ለሚያዘጋጁ ወላጆችና አያቶች የምለው አለኝ።

አረቄ ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ ጠጪው ራሱ ቀስ ይላል። ሎሚና ስኳር ግን ያንን ቃጠሎ ይሸፍኑታል። መጠጡ እንደ ጭማቂ ይወርዳል፤ አልኮሉ ግን አንዲት ጠብታ አልቀነሰም። ምላስ እዚህ ላይ ትታለላለች፤ ስለዚህ የምንተማመነው በመለኪያ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቮድካ ብዙውን ጊዜ 40 በመቶ አልኮል ነው። 30 ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ ወደ 9.5 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ 13 ግራም ያህል ይይዛል። ከጠርሙሱ በእጅ ግምት ሲቀዳ ግን 90 ሚሊ ሊትር መግባቱ አይገርምም፤ ያ ደግሞ ከሁለት ቢራ ይበልጣል። የጤነኛ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር ይህን አያፈጥኑትም፤ ሎሚ መምጠጥም ቢሆን።

የአረቄዋን ብርጭቆ "መለኪያ" እንላታለን እንጂ ሲለካባት ብዙም አላይም። መጠኗም ከቤት ቤት ይለያያል። መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ሦስት ጊዜ ሙሉ ውሃ ወደ መለኪያዋ ጨምሩና የደረሰበት ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ። ከዚያ በኋላ የቤታችሁ መለኪያ በእውነት መለኪያ ሆነች።

ለአንድ ሰው የሚሆነው አሠራር ይህ ነው፦ 30 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 15 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፣ 120 ሚሊ ሊትር አምቦ ውሃ፣ በረዶ። ሽሮፑን ለመሥራት አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙት። አምቦ ውሃው ጋዙ እንዳይጠፋ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ለስምንት ሰው ከሆነ ሁሉንም በስምንት ማባዛት ነው፤ ቮድካው 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ የተሠራው እንኳ ከተለመደው ቢራ ትንሽ ይጠነክራል።

ሎሚ ሎሚ የሚለውን ቮድካ በውድ መግዛትም ግድ አይደለም። አራት ሎሚ በደንብ አጥባችሁ ነጩ ሳይነካ ላይኛውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ላጡ፤ ነጩ ይመራል። ልጣጩን 750 ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ ለሁለት ቀን አቆዩና አጥልሉት። ትርንጎ ካገኛችሁ መዓዛው ከሎሚም ይበልጣል። ቮድካውን ስትገዙ ግን እሽጉ ያልተነካ፣ ሻጩ የሚታወቅ ይሁን። በሐሰት የተሞላ ጠርሙስ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፤ ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። በሽታም በጣዕምም መለየት አይቻልም።

ያጠለላችሁትን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። በራሱ ጠርሙስ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ። ለልጆችና ለማይጠጡ እንግዶች ቮድካ የሌለበትን ሎሚና አምቦ በሌላ ቀለም ጆግ አዘጋጁ፤ ሁለቱ ጆጎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጠዋት የአምስት ዓመት ልጅ ታቅፈው መጡ። ማታ የእህቱ ምርቃት ነበር። ቤተሰቡ ደክሞት ብርጭቆዎቹ ሳይነሡ ተኛ፤ ልጁ ቀድሞ ነቃና ሎሚ ጭማቂ መስሎት የተረፈውን ከየብርጭቆው ጠጣ። እናቱ ሶፋ ላይ ስታገኘው ላብ አጥምቆታል፤ ቢጠሩት አይሰማም። የደሙን ስኳር ስንለካ በጣም ወርዷል። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠነው፤ ከቀትር በኋላ ዓይኑን ገልጦ "እማዬ" አለ።

የትንሽ ልጅ ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ጥቂት ነው፤ ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ደግሞ ያልቃል። አልኮል ጉበቱ አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ያግደዋል። ስለዚህ ልጅን የሚጎዳው ስካሩ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ አታስመልሱት። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ በስኳር የጣፈጠ ውሃ ቀስ እያላችሁ እየሰጣችሁት ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ውሰዱት። የጠጣበትን ጠርሙስም ያዙ።

ከአዋቂዎችም መንካት የሌለባቸው አሉ። ነፍሰ ጡር ምንም ባትጠጣ ይሻላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድም አይጠጣ፤ ሁለቱ ተደምረው ትንፋሽ ያዳክማሉ። ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለትም መድኃኒቱን እስኪጨርስ፣ ከዚያም በኋላ ሦስት ቀን ይታቀብ። መኪና የሚነዳ ሰው ሁለተኛው ጆግ የእሱ ነው። ለወጣቶቹም ሕጉን እናስታውሳቸው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

እኛ አበሾች እንግዳ ሲያንገራግር "በሞቴ!" ማለት እንወዳለን። ለእንጀራው ይሁን፣ ለጉርሻውም ይሁን። በመጠጥ ላይ ግን ይቅርብን። "ይበቃኛል" ያለው ሰው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ምን እንደያዘው በሰው ፊት እንዲናገር አናስገድደው። ዝም ብሎ ሁለተኛውን ጆግ ማቅረብ በቂ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እግር ቢያምም፣ እንቅልፍ ቢመጣም፣ አንድ ሥራ ይቀራል። ብርጭቆዎቹን ሁሉ ሰብስባችሁ የተረፈውን ድፉ፤ ከሶፋ ሥር የተደበቀም እንዳይኖር እዩ። ከዚያ ተኙ። ጠዋት ቀድመው የሚነቁት ልጆቹ ናቸው።