ሽንት ማምለጥና የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ፦ እህቶቻችን ምን ይጠብቃቸዋል?

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ ጀሪካን ወይም የማሾ ጆንያ ስታነሳ፣ ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት እናት ብዙ ናት። ውዱእዋ እየተበላሸባት ትሳቀቃለች፤ ለሰው ግን አትናገርም። ሽንቱ የማይቆምለት ሰው በሸሪዓችን ዑዝር አለው፤ የሶላት ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ሕክምናም አለው።

የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ፊኛንና ማህፀንን ከስር ደግፈው ይይዛሉ፤ በእርግዝናና በምጥ ይላላሉ። በመጀመሪያው ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስለ ወሊድና ሽንቱ መቼ እንደሚያመልጥ ትጠይቃለች። ታካሚዋ ከፈቀደች ጓንት አድርጋ በጣቷ የጡንቻውን ጥንካሬ ትመረምራለች። አልፈልግም ማለት ይቻላል፤ ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለትም ነውር የለውም።

ከዚያ እንቅስቃሴው ይጀመራል። ሽንትንና ፈስን እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን መጭመቅ፣ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ትንፋሽ አይያዝም፤ እየሸኑም አይለማመዱትም። አብዛኛውን ጊዜ 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር ይታዘዛል። በሳምንቱ ለውጥ የጠበቀች እናት ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች፤ ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል።

ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳውን እንቅስቃሴ አይደፍነውም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ በ1967 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ፊዚዮቴራፒም ከቀዶ ሕክምናው ጋር ይሰጣል። መጀመሪያ በአቅራቢያ ላለው ጤና ጣቢያ አዋላጅ መንገር በቂ ነው፤ እሷ ሪፈር ታደርጋለች።