ስለ ዳታ መስመር ኮድ፤ ነጋዴ መሣሪያ ከማዘዙ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በኢትዮጵያ የስልክ ሥራ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነበር። ዛሬ ከላሊበላ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የሆቴልና የባንክ ሒሳብ፥ ቢት በሚባሉ የአንድና የዜሮ ምልክቶች ተለውጦ ይጓዛል። ብዙው በፋይበርና በሞባይል ቢሄድም፥ የመዳብ ሽቦ በሚያገለግልበት ስፍራ ምልክቶቹ በምን ዓይነት የኤሌክትሪክ ምት እንደሚተላለፉ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት የመስመር ኮድ ይባላል።

ቀላሉ ኮድ ኤ.ኤም.አይ. ነው። ለዜሮ ሽቦው ዝም ይላል፤ ለአንድ ምት ይሰጣል፤ ምቶቹም አንዱ ፖዚቲቭ፥ ተከታዩ ኔጋቲቭ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ምቶች ቢከታተሉ ስሕተት መኖሩ ይታወቃል። ነገር ግን ዜሮ ሲበዛ ዝምታው ይረዝማል፤ በወረብ ጊዜ ከበሮው ቢቋረጥ ዘማሪዎች ምቱን እንደሚስቱ ሁሉ፥ ተቀባዩ መሣሪያም ጊዜውን ስቶ የዜሮዎቹን ቍጥር ያጣል።

ይህን ለመከላከል በአሜሪካ ከየ8ቱ ቢት አንዱ ሁልጊዜ አንድ እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ በዚህም በሴኮንድ 64,000 ቢት ከሚያሳልፈው መስመር ደንበኛው የሚጠቀመው 56,000 ብቻ ሆነ። በኋላ ቢ8ዜድኤስ የተባለው ኮድ 8 ተከታታይ ዜሮዎችን በታወቀ ልዩ ምት ስለ ተካ ጉድለቱ ተወገደ። በአውሮፓ የተለመደው ኤችዲቢ3 ደግሞ 4 ተከታታይ ዜሮዎችን ይተካል።

ለአስመጪው ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የአሜሪካው መስመር በሴኮንድ 1,544,000 ቢት፥ የአውሮፓው 2,048,000 ቢት ስለሚያስተላልፍ፥ ለአንዱ ብቻ የተሠራ መሣሪያ በሌላው ላይ አይሠራም። ኢትዮጵያ የተከተለችው የአውሮፓውን ደረጃ ስለ ሆነ፥ በርካሽ የተገኘ የአሜሪካ መሣሪያ በመጋዘን የታሰረ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ደረጃው ቢስማማም እንኳ፥ አንዱ ጫፍ በኤ.ኤም.አይ. ሌላው በኤችዲቢ3 ከተስተካከለ፥ መስመሩ አንድ ጊዜ ደኅና መስሎ ዜሮ ሲበዛ ይሳሳታል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በከንቱ በሽቦው ላይ ይፈልጋል።

ስለዚህ ነጋዴው ከማዘዙ በፊት የመስመሩን ፍጥነትና የሁለቱን ጫፎች ኮድ ከመስመሩ አከራይ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። ዕቃው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ የላስታን ተራራ ከወጣ በኋላ መመለሱ ትርፉን ሁሉ ይበላልና።